ሲሮጡ የታጠቁት

በሐዲያና በከምባታ አገር ከቤት ጓሮ የማይታጣ አንድ ተክል አለ፤ እርሱም እንሰት ነው። እንሰት የሚተክል ሰው ዛሬ ተክሎ በሚመጣው ዓመት አይበላም። ችግኙን ከአንድ ስፍራ ነቅሎ ወደ ሌላ ያዛውራል፤ ሥሩን እበት ያለብሳል፤ ጊዜ ጠብቆም እንደ ገና ያዛውራል። ቆጮና ቡላ የሚሆነው ከአራት ዓመት በፊት እምብዛም አይደለም፤ ስድስትና ሰባት ዓመት የሚቆይም አለ። ራብ ከደጅ ከደረሰ በኋላ እንሰት ልትከል ብሎ የሚነሣ ሰው ግን ከዚያ ራብ አያመልጥም።

የትምህርትም ነገር እንዲሁ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ በፈተናው ቀን የሚሰበስበው ባለፉት ዓመታት የተከለውን ነው። አበው፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው።

የሐዲያ ዋና ከተማ ሆሳዕና ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በቀድሞ ዘመን ከዚህ አገር ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄድ ነበር። አሁን ግን የትምህርቱ ቤት ራሱ ወደ ልጆቹ ቀርቦአል። በስፍራው በቀድሞ ስም የተጠራው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ በከምባታ ዋና ከተማ በዱራሜም ቅጥር ግቢ አለው። የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ ስም ተሰይሞአል። እሌኒ ከሐዲያ ወጥታ በ15ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆነች፤ በኋላም በሕፃኑ ንጉሥ በልብነ ድንግል ዘመን መንግሥቱን በምክርዋ ያጸናች ብልህ ሴት ነበረች።

እንግዲህ ቤቱ ቀርቦአል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መኰረጅ እንዲቀር በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጥ ጀመረ። በዚያ ጊዜ በመላው አገር ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ።

ይህ ቍጥር የልጆቹ አእምሮ ደካማ መሆኑን አያሳይም። መጽሐፍ የጎደለው፥ መምህር ያነሰው፥ ከትምህርት ይልቅ ከጎረቤቱ ወረቀት መገልበጥን የለመደ ክፍል ብዙ እንደ ነበረ ያሳያል እንጂ። የተዋሱት ልብስ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለሳል፤ የተዋሱትም እውቀት መፈተኛው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

በዚህ አገር ላለ ተማሪ አንድ ሌላ ችግር አለበት፤ እርሱም የቋንቋ ነው። ሕፃኑ በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይጀምራል፤ አማርኛንም ይጨምራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተማሪው ነገሩን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ በየቀኑ ጥቂት ገጽ በእንግሊዝኛ ማንበብ፥ የከበደውን ቃል በደብተር መጻፍ፥ የተረዳውንም መልሶ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መናገር ነው። ያነበበውን ለታናሽ እኅቱ በሐዲይኛ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ነገሩን ሸመደደው እንጂ አላወቀውም።

ብልህ ተማሪ ሰዓቱን በወረቀት ከፍሎ ይይዛል። የሚፈራውን ትምህርት ለመጨረሻ አያቆየውም፤ አእምሮው ባልደከመበት ሰዓት ይጀምረዋል። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰዓት ይዞ ይሠራል፤ የሳተውንም አያልፈውም፤ ለምን እንደ ሳተ መርምሮ ከሥሩ ይማራል። ሌሊቱን ሁሉ ነቅቶ ቀን በክፍል ከማንቀላፋት ይጠበቃል። ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ልጅቱ ውሃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ እንሰት ፍቃ ስትመለስ ጨልሞ ከሆነ መቼ ታጥና? ወንድሟ እያነበበ እርስዋ ብቻ የምትደክምበት ቤት ከሁለት ልጆች አንዱን ብቻ አስተማረ ማለት ነው።

ከፈተናው በፊት ሊታሰብ የሚገባው ሌላው ነገር የሥራ ምርጫ ነው። ብዙ ተማሪ ሥራን የሚመርጠው በስሙ ክብር ነው፤ ሐኪም ልሁን ይላል፥ የሐኪምን ድካም ግን ጠይቆ አያውቅም። በሆሳዕና ነርሱም፥ አስተማሪውም፥ የመሬት ቀያሹም፥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በየመንገዱ ይገኛል፤ ከእነርሱ ዘንድ ሄዶ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ መጠየቅ ገንዘብ አይከፈልበትም። ውጤቱ ያነሰውም ቢሆን መንገድ አይጠፋውም። ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት ለጎደላቸው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት ተከፍቶአል፤ የእጅ ሙያ የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ። ግንበኛና ብረት ሠሪ የሌለበት አገር ዲግሪ ያለው ሰው ቢበዛም ቤት አይቆምለትም።

ነገር ግን በሐዲያና በከምባታ ወጣት ፊት ሌላ መንገድ ተዘርግቶአል፤ እርሱም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ ወንዶች ልጆች በኬንያ፥ በታንዛንያ፥ በማላዊ በኩል በዚህ መንገድ ሄደዋል። ሄደው ሱቅ የከፈቱ፥ ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ፥ ታናናሾቻቸውንም ያስተማሩ አሉና የሄደውን መናቅ አይገባም። ወጣቱም፦ «ታላቅ ወንድሜ ተመርቆ ያለ ሥራ ተቀምጦአል፤ ጎረቤታችን ግን ከደቡብ ገንዘብ ይልካል» ሲል የሚናገረው ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሊያሰላው ይገባል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ አገር፥ በአንድ ጭነት መኪና ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ከሞት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ ተነገረ። ቤት የሠራው ሰው ቤቱ በመንገድ ዳር ይታያል፤ በመንገድ የቀረው ግን መቃብሩ እንኳ አይታይም። ስለዚህ ዓይን የሚያየውን ብቻ የሚቈጥር ሰው በሒሳቡ ይሳሳታል።

ደግሞም አባት ለደላላ ለመክፈል በሬውን ይሸጣል፥ መሬቱን በመያዣ ይሰጣል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ግን በወጪ መጋራት ሥርዓት የድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይችላል። በዚህ መንገድ በሬው ከበረቱ፥ መሬቱም በባለቤቱ እጅ ይቈያል። ተመርቆ ሥራ ያጣው ታላቅ ወንድም ደግሞ ትምህርት ከንቱ መሆኑን አያስረዳም፤ ዲግሪ ብቻውን እንጀራ እንዳልሆነ፥ ከእርሱ ጋር የእጅ ሙያና ሥራን የማይንቅ ልብ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል እንጂ።

ስለዚህ ነገር የቦጋለች ገብሬ ሕይወት መልካም ምስክር ነው። ቦጋለች በከምባታ ገጠር ተወለደች፤ በዚያን ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር የተለመደ አልነበረም። ውሃ ልቀዳ ብላ ከቤት እየወጣች በሥውር ወደ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ከዚያ ጥቂት ፊደል ተነሥታ በኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፥ ኋላም በአሜሪካ አገር ተማረች። በዚያ ተደላድላ መኖር ስትችል ወደ ከምባታ ተመልሳ በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከእኅትዋ ጋር የሴቶችን ማኅበር አቆመች። ሴቶች ልጆችን መግረዝንና ጠለፋን የመንደሩን ሰዎች በአንድ ስፍራ ሰብስባ በማወያየት እንዲተዉ አደረገች። በ2012 ዓ.ም. አረፈች፤ ሥራዋ ግን በብዙ ቤት አለ።

ቦጋለች ከእንስራው ጋር ፊደል በተማረች ጊዜ ኢየሩሳሌምን አላየችም፤ የዕለቱን ፊደል ብቻ አየች። እንሰት የሚተክለውም ሰው እንዲሁ በእጁ ያለችውን ችግኝ ያያል። ዛሬ ማታ የአንድ ሰዓት ጥናት የሚያስቀር ተማሪ ያጠፋው አንድ ሰዓት ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያጠፋው ከስንት ዓመት በኋላ የሚበላውን ነው።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ እንሰት የሚተክል ሰውና ተማሪ በምን ይመሳሰላሉ?
፪ኛ፤ መልስ መገልበጥ ተማሪውን የሚጎዳው እንዴት ነው?
፫ኛ፤ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚያስብ ወጣት በሒሳቡ ውስጥ ምን ምን ሊቈጥር ይገባዋል?
፬ኛ፤ ወላጆች ወንድና ሴት ልጆቻቸው እኩል እንዲያጠኑ የቤቱን ሥራ እንዴት ሊያካፍሉ ይችላሉ?