የግድግዳ ስንጥቅና የጭስ መውጫ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በጅቡቲ በኩል የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ የመንገደኞች ጣቢያው የተሠራው ናጋድ በተባለው ቦታ ላይ ነው። ሐዲዱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ወርዶ ከባሕር ጠረፍ ይደርሳል። በዚህ ጉዞ የሚለወጠው መልክዓ ምድሩና የአየሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ቤትን የሚሰነጥቀው ምክንያትም ጭምር ነው። በደጋ ሙያውን የተማረ ግንበኛ ናጋድ ወርዶ የለመደውን ሁሉ እንዳለ ቢሠራበት፣ ብዙ ሳይቆይ ግድግዳው ራሱ ይታዘበዋል።

በመጀመሪያ ደጋውን እንመልከት። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሸማቀቃል፣ ይነቃቃልም። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት ከአፈሩ ጋር አብሮ ሲነሣና ሲወርድ ይኖራል። ሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይወርድ ግድግዳው ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ የብሎኬት ግድግዳ ከሆነም መጋጠሚያውን ተከትሎ እንደ ደረጃ ይሰበራል። በግድግዳ አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ የአፈሩን እርጥበት ስለሚመጥ ችግሩን ያብሰዋል። ስለዚህ ዋልካውን ቆፍሮ ጠንካራ መሬት ላይ መድረስ፣ ወይም አውጥቶ በገረጋንቲ ተክቶ በሚገባ መጠቅጠቅ፣ ከጣሪያ የሚወርደውንም ውኃ በአሸንዳና በቦይ ከመሠረቱ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሐዲዱ ከደጋው ሲወርድ የሚያልፈው በስምጥ ሸለቆ ነው። በዚህ ምድር ቤት የሚሰነጠቀው የመሬት ቅርፊት ሲላቀቅ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። በ1971 ዓ.ም. በጅቡቲ የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአካባቢው መሬቱ ተሰንጥቆ ሰፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ደርሶ ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል፤ ብዙ ሕዝብም ቀዬውን ለቆ ሄዷል። እዚህ ላይ የሚናቀው የእንጨትና የጭቃ ቤት አንድ ብልጫ አለው። ምሶሶውና ማገሩ ስለሚለመጥ፣ በጭቃ ከተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ይልቅ መወዛወዝን ይችላል።

ናጋድ ሲደረስ ግን ዋናው ጠላት ጨው ነው። የጅቡቲ ከተማ የቀድሞ ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በጥቃቅን የባሕር እንስሳት ዐፅም ከተገነባው ኮራል ከሚባል ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ሲሆን፣ በኖራ ተለስነው ነጭ ሆነው ይታያሉ። ድንጋዩ እርጥበት ሲመጥ ጨውንም አብሮ ይመጥጣል፤ ሲደርቅ ጨው በልስኑ ውስጥ ይረጋና ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። በአዳዲሶቹ የኮንክሪት ቤቶች የሚታየው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው። ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ ዘልቆ ፌሮውን ሲያገኘው ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈነቅለዋል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ፌሮውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ቡናማ እድፍ ይታይበታል። ብዙ ባለቤቶች በስሚንቶ ይለስኑትና በቀለም ይሸፍኑታል፤ በሽታውን በጋቢ እንደ መሸፈን ነው። ትክክለኛው ጥገና የላላውን ኮንክሪት ፈልፍሎ ማውጣት፣ ዝገቱን ጠርጎ የሳሳውን ፌሮ መተካት፣ ከዚያም ጥቅጥቅ ባለ ኮንክሪት መልሶ መሸፈን ነው። አስቀድሞ መከላከል ግን ይረክሳል፤ ለማቡኪያ ጨዋማ የጕድጓድ ውኃ አለመጠቀም፣ የባሕር ዳር አሸዋን ሳያጥቡ አለመቀላቀል፣ በፌሮውና በውጭው ገጽ መካከል ያለውን ሽፋንም አለማሳነስ።

እንግዲህ ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም። ልስን ሲደርቅ የሚወጣው፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይሰፋው የፀጉር መስመር በቀለም ይጠፋል። 5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ከሆነ በሮችና መስኮቶች መዘጋት እንቢ ይላሉ፣ የግድግዳውም የመሸከም ኃይል ያጠራጥራል። ከስፋቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይሄዳል የሚለውን ማወቅ ነው። ለዚህም ልስኑን ፍቆ፣ በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ስስ የጄሶ ልጥፍ መለጠፍና ቀኑን መጻፍ ይበቃል። ጄሶ አይለጠጥም፤ ቤቱ ጥቂት እንኳ ቢንቀሳቀስ ይሰበራል። ክረምትና በጋ አልፎበት ካልተሰበረ ስንጥቁን መድፈን ይቻላል።

ስንጥቅ በጭስ መውጫ ላይ ሲደርስ ጉዳዩ የሕይወት ይሆናል። በጅቡቲ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ቤት ለማሞቅ ቡኻሪ የሚሠራ የለም፤ በአዲስ አበባ ግን በአንዳንድ የቆዩ ቤቶች ይገኛል። በጡብ የተሠራ የጭስ መውጫ ቤቱ ሲሰምጥ ይሰነጠቃል፤ ጭሱም በስንጥቁ በኩል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ ትኩሱ አየርም የኮርኒሱን እንጨት ያደርቃል። በየወጥ ቤቱ የሚተከለው የቆርቆሮ ቱቦም ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ ካለ ነፋስ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል፤ ጥቀርሻው ካልተጠረገም መተንፈሻው ይጠብባል፣ አንድ ቀንም ይቀጣጠላል።

ጭስ ቢያንስ ዓይን ያቃጥላል፤ ሰውም ይሸሸዋል። ከሰል ግን ጭስ ሳይኖረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። በብርድ ሌሊት ከሰል የነደደበት ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አሳድረው የሞቱ ቤተሰቦች አሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጕልበት መዛል ሲሰማ በሩን ከፍቶ ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣት ይገባል።

ጥያቄዎች

1. በዋልካ አፈር ላይ በተሠራ ቤትና በናጋድ በተሠራ ቤት ላይ የሚታዩት ስንጥቆች በምን ይለያያሉ?
2. ጸሐፊው «በሽታውን በጋቢ እንደ መሸፈን ነው» ያሉት ስለ ምንድን ነው?
3. ለስንጥቅ መለኪያ ከሌላ ነገር ይልቅ ጄሶ የተመረጠው ለምንድን ነው?
4. «ሰያፍ»፣ «አሸንዳ»፣ «ጥቀርሻ» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
5. የቤታችሁን ወይም የትምህርት ቤታችሁን ግድግዳ ተመልክታችሁ ያገኛችሁትን ስንጥቅ መልኩን፣ ስፋቱንና ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።