መዝገቡ አካውንቱን እንጂ እጁን አያሳይም

ጥያቄ፦ ከፎገራ ገጠር መጥቼ ወረታ የምማር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አካውንቴን ሳልዘጋ ወጣሁ፤ አንዱ ለቀልድ ብሎ ከጋራ ፎልደሩ የክፍሉን አሳይመንት አጠፋ። ጥፋቱ በእኔ ተላከከ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኮምፒውተሩ መዝገብ የሚመሰክረው የትኛው አካውንት ክፍት እንደነበረ ነው፤ ኪቦርዱን የነካው ማን እንደሆነ አይናገርም። ሰዓቱም ሳይመረመር አይታመንም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል፤ ትክክል ቢሆን እንኳ 14:20 የሚለው በእኛ አቆጣጠር 8:20 ነው። ይህን ሳያገናዝቡ ክፍል ከመገኘትህ ፊርማ ጋር ቢያስተያዩት ንጹሑ ጥፋተኛ ይመስላል። በብሪታንያ ሆራይዘን የተባለው ሶፍትዌር ያወጣው የተሳሳተ ሒሳብ እንደ እውነት ተቆጥሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ተፈርዶባቸዋል።

«ሳይዘጋ የሄደው ራሱ ነው» ይሉህ ይሆናል። እሱ ግድየለሽነት ነው፤ ተግሣጽ ይበቃዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትንም ዳታ ማጥፋትንም የሚቀጣው ሆን ተብሎ ሲፈጸም ነው፤ «ቀልድ ነበር» ማለትም ቀልደኛውን ነጻ አያወጣውም። አንተን መቅጣት ደግሞ ፍለጋውን ያስቆመዋል፤ እውነተኛው አጥፊ የሚያመልጠው ያኔ ነው። ዊንዶውስ መዝገቡ ሲሞላ አሮጌውን በአዲስ ስለሚተካ፣ መዝገቡ ተገልብጦ እንዲቀመጥ ለትምህርት ክፍልህ ዛሬውኑ በጽሑፍ አመልክት፤ ማመልከቻውን በፊርማ አስረክበህ አንዱን ቅጂ አንተ ያዝ።