ገብስና የጫጩት ሆድ

ጋሸና ደጋ ነው። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው እዚህ ነው። ብርዱ ቢበረታም ለገብስ ይስማማል። ገብሳችን ቆሎ፣ በሶና ጠላ ይሆናል። ዶሮዋም የምትለቅመው ያንኑ ነው።

እንቁላል ሸጠን ጨውና ሳሙና፣ ለልጅም ደብተር እንገዛለን። ስለዚህ ጫጩት ሲሞት ቤታችን ይጎዳል። ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋ የፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ገብስ ብቻ ሲበሉ፣ ኩሳቸው እየተጣበቀ መቀመጫቸውን ሲደፍነው እናያለን። «ዓይን በላቸው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ምግቡ ነው።

ገብስ ኃይል ይሰጣል። ነገር ግን እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ነገርም አለው። ዶሮ ይህን ሙጫ የሚፈታ ንጥረ ነገር በሆዷ አታመነጭም። ሙጫው በጫጩት አንጀት ውሃ ስቦ ይወፍራል። ምግቡም ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። በተረፈው ምግብ ጎጂ ጀርሞች ይራቡበታል።

ታዲያ ጀርም ሁሉ ጠላት ነው? አይደለም። በዶሮ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ሁለት ከረጢቶች አሉ። በውስጣቸው የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን፣ እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካ ሁሉ፣ ያልተፈጨውን ምግብ አብላልተው አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ የአንጀቱን ግድግዳ ይመግባል፤ ጎጂውንም ጀርም ያዳክማል። በትልቅ ዶሮ ሆድ እነዚህ ብዙ ስለሆኑ ገብሱን ትችለዋለች። የጫጩት ሆድ ግን ገና ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ለጫጩት ገብስ ብቻ አንስጥ። ከቆቦ በኩል የሚመጣ ማሽላ ከገበያ ስናገኝ እንቀላቅልበት። ማሽላ ይህ ሙጫ እምብዛም የለውም።

2. ገብሱን በውሃ ዘፍዝፈን ወይም እንደ ጠላ ብቅል አብቅለን እንስጥ። ሲበቅል ገብሱ ራሱ ሙጫውን ይፈታል። የሻገተውን ግን እንጣል።

3. ውሃው ንጹሕ ይሁን፤ ኩስ አይግባበት።

አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ኩሱ ደም ካለበት ወይም ዶሮዎች ተከታትለው ካለቁ፣ ነገሩ የምግብ ብቻ አይደለም። ቶሎ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንንገር። ፈንግልን የሚከላከለው ክትባት እንጂ መኖ አይደለም።

ጥያቄዎች
ሀ. የጫጩት ኩስ ለምን ይጣበቃል?
ለ. ጠቃሚ ተሕዋስያን ምን ይሠራሉ?
ሐ. እናንተ ለጫጩቶቻችሁ ምን ትሰጣላችሁ? ተወያዩበት።