ለመኪናው ትርፍ ጎማ፣ ለሹፌሩስ?



እኔ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ወደቡ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞጆና የአዳማ ብዙ ቤተሰብ እንጀራው ከዚህ መስመር ጋር ተያይዟል። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ ጭነትና ስለ ቀረጥ ለማውራት ሳይሆን፣ ከአገር ስንወጣ ስለምንዘነጋው ስለ ራሳችን ጤና ነው።

ከመነሣታችን በፊት ጎማ እንፈትሻለን፣ ዘይት እንለካለን፣ ትርፍ ጎማ እንጭናለን። ለሹፌሩስ ምን ጭነናል? ብዙዎቻችን "አላህ ያውቃል" ብለን ሞተር እናስነሣለን። አዎን፣ አላህ ያውቃል። ነገር ግን ለጎማ መዘጋጀት ተወኩልን ካላጎደለ ለገላ መዘጋጀት እንዴት ያጎድላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዷን፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ጋላፊን አልፈን ዲክሂል ደረስን። ወንድማችን የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጾሞ ሳለ ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው ወግቶ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ተምታታ። እኔ ሙቀቱና ድካሙ መስሎኝ "ትንሽ ተኛ" አልኩት። ሻይ የምትሸጥ አንዲት የአገራችን ልጅ ግን አየችውና "ወንድሜ፣ ስኳር አለበት እንዴ? እናቴም እንዲህ ያደርጋት ነበር" ብላ ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረበች። መዋጥ ይችል ስለነበር ጠጣ፤ ቀስ በቀስም ወደ ራሱ ተመለሰ። እኔ እንዳልኩት ቢተኛ ኖሮ ምናልባት አይነሣም ነበር።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሱ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ፤ እኔ በአማርኛ መለስኩ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚወስድ አላውቅም። አብረን ስንት ዓመት ስንጓዝ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም! አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በሕይወት አለ። ቁርአን ለበሽተኛም ለመንገደኛም ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ወንድማችን ሁለቱንም ሆኖ ሳለ በአንዱም አልተጠቀመም።

ከዚህ ቀን ጀምሮ የያዝኳቸውን ልማዶች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ በኪሴ ካርድ አለ። ስሜ፣ የደም ዓይነቴ፣ ሕመሜ፣ የማይስማማኝ መድኃኒትና የቤተሰቤ ስልክ በላቲን ፊደልና በዐረብኛ ተጽፎበታል። በጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ረዳቴም ካርዱ የት እንዳለ ያውቃል። የአገራችን የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ከድንበር ወዲያ ስለማያገለግል፣ በጅቡቲ የማውቀውን ሰው ስልክም ጽፌበታለሁ።

ሁለተኛ፦ መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው፣ ከጉዞው ቀናት በላይ የሚበቃ ይያዝ። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል፤ ከጋቢናው መስታወት ሥር አይቀመጥ፣ በረዶም ላይ በቀጥታ አይደረግ። ስኳር ያለበት ሰው ከረመዷን በፊት ሐኪሙን ያማክር እንጂ መጠኑን በራሱ አይለውጥ።

ሦስተኛ፦ ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ጅቡቲ ግን ባሕር ዳር ናት፣ በበጋዋም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ ሳይጠማ ይጠጣ። ተቅማጥ ከያዘ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ። በሙቀት ገላው ተቃጥሎ የሚቃዥን ሰው ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ አናፍሱት፣ ወደ ሐኪምም አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አይሰጥ።

አራተኛ፦ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን ተገኝታለች። በከተማ የውሃ በርሜል ውስጥ ስለምትራባ "ወባ የገጠር ነው" ማለት ቀርቷል። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከተሰማችሁ ደማችሁን ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

አምስተኛ፦ ይህ ለሹፌር ብቻ አይደለም። ለሐጅ የተነሣ ሰው የማጅራት ገትር ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይውሰድ። የቢጫ ወባ ካርድም ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወንድሞችና እኅቶች! ኮንቴይነሩ ቢዘገይ ቅጣት ይከፈላል፤ አባት ካልተመለሰ ግን በምን ይተካል? ነገ ከሞጆ በር ከመውጣታችሁ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው "ሕመምህ ምንድን ነው? መድኃኒትህስ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ወንድሜን ላጣው ነበር።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።