ካሴቶቻችንና አዲሶቹ ስፒከሮች

በየክፍሉ የሚቀመጡ የዋይፋይ ስፒከሮች ወደ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚወጣው የድሮው ቴፕ ነው። አጎቴም ልጆቹ ከውጭ አገር ሁለት ስፒከር ሲልኩለት ቴፑንና አምፕሊፋየሩን ሊሸጥ ተነስቶ ነበር። ካሴቶቹስ? ከነሱ መካከል ዘመዶች በደብዳቤ ፈንታ ድምፃቸውን ቀድተው የላኳቸው አሉ፤ ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እነዚህን ድምፆች ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የሚያገኛቸው የለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ታዲያ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር እንዴት እንደሚያገናኙት ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አዲሱ ስፒከር የገመድ መግቢያ ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ሶኖስ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ፋይቭ» መግቢያው አብሮት የተሠራ ሲሆን፣ በ2023 የወጡት «ኢራ 100» እና «ኢራ 300» ግን ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ይፈልጋሉ። ደግነቱ አንዱ ስፒከር መግቢያ ካለው ይበቃል፤ የገባለትን ድምፅ ወደ ዲጂታል ቀይሮ በዋይፋይ ለሌሎቹ ያድላል። የአጎቴ አንደኛው ስለነበረው ቴፑ ከመሸጥ ተረፈ።

ትልቁ ጥንቃቄ ገመዱ ከየት ይውጣ የሚለው ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካሉት ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች «ቴፕ አውት» ወይም «ሬክ አውት» የሚሉትን ፈልጉ። ከነሱ የሚወጣው ጉልበቱ አነስተኛ ነው፣ ቮሊዩም ብትጨምሩም አይለወጥም። ለድሮዎቹ ስፒከሮች የተሠራው መውጫ ግን ኃይለኛ ስለሆነ በቀጥታ ቢሰካ አዲሱን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። «ሽቦ ያው ሽቦ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት! የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ላለው ትንሽ ቴፕ ደግሞ በሱው ሰክቶ፣ ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው።

ሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ አምፕሊፋየሩን አትጣሉ። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሆነ፣ መልሶ የሚያስተካክል ነገር ያስፈልጋል። ብዙ የድሮ አምፕሊፋየሮች «ፎኖ» በሚለው መግቢያቸው ይህን ይዘዋል።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ መዘግየቱ ነው። ድምፁ ተቀይሮ በሁሉም ክፍል እኩል እንዲሰማ ስፒከሮቹ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ በሶኖስ ትንሹ 75 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ይህ 25 ሜትር ርቆ እንደመስማት ማለት ነው። አዲሶቹን ብቻ ለሚሰማ ምንም አይታወቀውም። የድሮዎቹንም አብሮ የከፈተ እንደሆነ ግን ሳሎኑ ያስተጋባል፣ የተናጋሪው ቃል ይደራረባል። ያኔ አንዱን መዝጋት ነው። ዋይፋዩ ደክሞ ድምፁ ከተቆራረጠ ደግሞ መዘግየቱን ከስልኩ ላይ መጨመር ይረዳል። (መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ያለው ግን መስማቱን ይቀጥላል።)

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ያው ገመድ ኮምፒዩተር ላይም ይሰካል፤ «ላይን ኢን» ላይ እንጂ ማይክ መግቢያ ላይ አይደለም፣ አለዚያ ድምፁ ይሻክራል። ካሴት በተጫወተ ቁጥር ስለሚያረጅ፣ በየክፍሉ ከማሰማታችሁ በፊት አንዴ ቅዱት። የ60 ደቂቃውን ካሴት በተራ ቴፕ ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል።