ክፍት ያደረው በር

ፈረስ ለደጋ ገበሬ ብዙ ጥቅም ይሰጣል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው ብርዳም የገብስ አገር ፈረስ እህል ገበያ ያደርሳል፤ ሰው ሲታመም ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፤ በአውድማ ላይም ይነዳል። ድሮ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ጭምር ይጠሩ ነበር። አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የእኛ ፈረስ ግን እንዲህ ያለ ስም አልነበረውም። «ዳማው» እንለው ነበር፤ በቃ።

ዳማው የጠፋው በ1974 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ሐሙስ ማታ ነው። ገብስ ስንወቃ ውለን አምሽተን ገባን። የግቢያችን ዙሪያ የድንጋይ ካብ ነው፤ በሩ ላይ ማታ ማታ ሁለት አጣና እናጋድማለን። በሬዎቹ ገቡ። ፈረሱ ገባ። ጭድ የተሸከምነውም ገባን። ከፊት የነበረው «ከኋላ ያለው ይዘጋዋል» ብሎ አሰበ። ከኋላ የነበረው ደግሞ እጁ በጭድ ተይዟልና «አራግፌ እመለሳለሁ» አለ። እሳት ዳር ከተቀመጡ በኋላ ማን ይነሳል! ሌላ ጊዜ የፈረሱን የፊት እግሮች በገመድ እናስር ነበር፤ ያን ዕለት እሱም ተረሳ። ሌሊት ውሻው ጮኸ። «ጅብ ነው» አልንና ተኛን።

ሲነጋ አጣናዎቹ ካቡ ሥር እንደ ተጣሉ ናቸው፤ ፈረሱ የለም።

በታኅሣሥ በእኛ አገር ውርጭ ይወርዳል። በውርጭ ላይ ያለፈ ፈረስ ዱካው እንደ ጽሑፍ ይነበባል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ግን ይጠፋል። አያታችን ከደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ኧረ ልጆች፣ ከብቱን አታውጡ! ዱካውን ትረግጡታላችሁ!» አሉን። ማን ይስማቸው! አንዱ ወደ ላይ ሮጠ፤ አንዱ ወደ ታች። ከብቱም ወጣ። ወደ በሩ ተመልሰን ጎንበስ ብለን ስናይ የበሬ፣ የበግና የራሳችን እግር እንጂ የፈረስ ዱካ አልተገኘም።

ሌላም ስህተት ሠራን። ፈረስ ብቻውን መሆን የማይወድ እንስሳ ነው። ሲፈታ ሌሎች ፈረሶች ወዳሉበት፣ እህል ወደሚሸተው ወይም ወዳደገበት ቦታ ይሄዳል። ዳማውን የገዛነው ከወንዝ ማዶ ነበር። እኛ ግን አርብን ሙሉ የፈለግነው ከወንዝ ወዲህ ነው። ለምን ቢባል፣ ሰው ጠርጥረን ነበርና። በድንበር ነገር የተቀያየምነው ጎረቤት ነበረን። «እሱ ነው የወሰደው» አልን። ያየ የለም፤ የሰማ የለም። ድሮ አውጫጭኝ የሚባል ነገር ነበር። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቆይ ነበር። እኛም ጎረቤታችንን በገበሬ ማኅበር ልንከሰው ተነስተን ነበር። አያታችን «መጀመሪያ ገበያ ጠይቁ» ባይሉን ኖሮ በሰው ስም ላይ እንጫወት ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ሄደን ጠየቅን። «ምልክቱ ምንድን ነው?» አሉን። አንዳችን «የግራ የኋላ እግሩ ነጭ ነው» ሲል ሌላችን «ኧረ የቀኙ ነው» አለ። ሦስት ዓመት በእጃችን ያደረ ፈረስ እኮ ነው! አንድ ሰው «ዳማ፣ የቀኝ የኋላ እግሩ ነጭ የሆነ ፈረስ አይቻለሁ» አለን። ደስ ብሎን እስከ ማታ ተጓዝን። የሌላ ሰው ፈረስ ነበር።

ታናሽ እህታችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት አንዷ ናት። ፈረሱን ጧት ጧት ውኃ የምታጠጣው እሷ ነበረች። ያን ማታ ስንጨቃጨቅ ሰምታ ደብተሯን አወጣች፤ እንዲህም ብላ ጻፈች፦

«የጠፋ ፈረስ። ዳማ፣ የተኮላሸ። ግንባሩ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ነጭ አለው። የግራ የኋላ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ ነው። የቀኝ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል። ጀርባው ላይ የኮርቻ ቁስል በዳነበት ነጭ ጸጉር በቅሏል። ዕድሜው ሰባት ዓመት።»

ዕድሜውን ያሰበችው ስንገዛው አያታችን ጥርሱን አይተው ከተናገሩት ነው። የፈረስ የፊት የወተት ጥርሶች ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይለወጣሉ፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ቆማ አነበበች። ጆሮውን ስትጠራ አንድ የማዶ ሰው «ቆይ፣ ቆይ» አለ። ፈረሱ አርብ ጧት በእሱ አካባቢ ከአንድ ሰው አውድማ ላይ ተገኝቶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከገብሱ ክምር ሲበላ አድሯል።

ስንደርስ ባለ አውድማው አስሮ ውኃና ጭድ ሰጥቶታል። የተበላውን ገብስ ክፈሉኝም አላለን። ዳማው ግን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል። ሰኮናውን ስንነካው ይፋጃል።

ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ማስታወክም አይችልም። ሆዱ ያልለመደውን ብዙ እህል ከበላ እህሉ አንጀቱ ውስጥ ይኮመጥጣል፤ መርዙም ወደ ደም ይገባል። አንዳንዱ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ወዲያው ይሞታል። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እግሩን ይታመማል። በሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ያብጣል፤ ሰኮና ግን ቀንድ ስለሆነ አይሰፋለትም። ጠባብ ጫማ ውስጥ ያበጠ እግር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ መነዳት የለበትም። እህል ይከለከላል፤ ለስላሳ መሬት ላይ ይቆማል፤ እግሩ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል፤ የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ይጠራል። ሕመሙ እስኪታይ መጠበቅም አይገባም፤ እህል መብላቱ እንደታወቀ ለሐኪም መንገር ነው።

እኛ ይህን አላወቅንም። በማግኘታችን ደስ ብሎን ገደሉን አውርደን፣ አቀበቱን አውጥተን፣ ሲቆም በአለንጋ እየመታን ቤት አደረስነው። በማግስቱ ተኛ። ሦስት ሳምንት አስታመምነው፤ እህታችን ሣር እያጨደች በእጇ አበላችው። ከዚያ በኋላ ግን አልተነሳም።

ጎረቤታችን ጥርጣሬያችንን ሰምቶ ኖሯል። ፈረሱ ሲሞት ለመጎተት ከልጆቹ ጋር መጥቶ ረዳን፤ ቡና ጠጣ ስንለው ግን «ሥራ አለኝ» ብሎ ሄደ። ቡናችንን የጠጣው ለፋሲካ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ማታ የመጨረሻው ገቢ አጣናውን ሲያጋድም «ዘግቻለሁ!» ብሎ ይጮኻል። ከቤት ያለው «ሰምቻለሁ!» ካላለው ደግሞ ይጮኻል። እንግዳ ሲሰማን ይስቃል።

መልመጃ፦ ከከብቶቻችሁ አንዱን መርጣችሁ፣ ሳታዩት ምልክቱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ በረት ሂዱና አስተያዩ።