ፍቅር በደም ይወረሳል ወይስ በአያያዝ ይበቅላል?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በየቲምነት ባደጉት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የቲሞችን በመርዳት ሥራ ውስጥ ሦስት አነጋገሮች ደጋግመው ይሰማሉ። የሟች ወንድም ወይም እህት ልጁን ሲረከብ፣ «ሥጋዬ አይደለምን? ፍቅሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል» ይላል። ዝምድና የሌለው ሰው ደግሞ፣ «ሰደቃዬን እሰጣለሁ፤ ያልወለዱትን ግን እንደ ልጅ መውደድ አይቻልም» ይላል። ልጁ ሲያኮርፍ፣ ሲዋሽ ወይም ሲያስቸግር ሁለቱም፣ «ምን ይደረግ፤ ዘሩ ነው» ይላሉ። ሦስቱም አነጋገሮች የተመሠረቱት ፍቅር የደም ሥራ ብቻ ነው በሚለው እምነት ላይ ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የየቲሙ ዕጣ ወላጁ በሞተበት ቀን በተቆረጠ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን መመርመር ተገቢ ነው።

የደም ድርሻ

በመጀመሪያ የደምን ድርሻ መካድ አይገባም። አላህ በእናት ልብ ውስጥ ርኅራኄን አኑሯል። የሕክምና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት፣ ሴት ስትወልድና ስታጠባ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ ይመነጫል፤ ማሕፀኗ እንዲኮማተርና ወተቷ እንዲወርድ የሚያደርገውም እርሱ ነው። እናትንና ልጅን በማስተሳሰር ረገድ ድርሻ እንዳለውም ይታመናል። ሕፃኑም ቢሆን ባዶውን አይወለድም፤ ማልቀስን፣ ፊት ማየትን፣ ጣት ጨብጦ መያዝን ይዞ ይወለዳል። አንዱ ቶሎ የሚቆጣ፣ ሌላው የተረጋጋ ሆኖ መወለዱም የፈጣሪ ሥራ ነው።

ሆኖም ይኸው ሆርሞን ልጃቸውን አቅፈው በሚያጫውቱ አባቶች ዘንድም ከፍ ብሎ ታይቷል። አባት አልወለደም፤ አላጠባምም። ስለዚህ አላህ በሰው አካል ውስጥ ያኖረው የርኅራኄ በር በምጥና በጡት ብቻ ሳይሆን በማቀፍም የሚከፈት ነው ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ያገኙት

እ.ኤ.አ. በ1958 ሃሪ ሃርሎ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ ፍቅር ተፈጥሮ አንድ ንግግር አደረገ። በዘመኑ ብዙ ምሁራን ሕፃን እናቱን የሚወደው ስለምታበላው ነው ይሉ ነበር። ሃርሎ ከእናቶቻቸው የተለዩ የጦጣ ግልገሎችን ወስዶ ሁለት ሰው ሠራሽ «እናቶች» አቀረበላቸው። አንዷ ከሽቦ የተሠራች ስትሆን የወተት ጡጦ ተገጥሞላታል፤ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች ነች፤ ወተት ግን የላትም። ግልገሎቹ ከሽቦዋ ጠጥተው ወዲያው ወደ ጨርቋ ይመለሱ ነበር፤ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜም እርሷን አቅፈው ያሳልፉ ነበር። ሲደነግጡም የሚሸሹት ወደ እርሷ ነበር። ይሁን እንጂ የጨርቅ እናትም አልበቃቻቸውም። ምላሽ ከምትሰጥ ሕያው እናት ተለይተው በማደጋቸው፣ ሲጎለምሱ ከሌሎች ጋር መኖር አቃታቸው፤ ከእነርሱ መካከል የወለዱ አንዳንዶቹም ግልገሎቻቸውን ችላ አሉ ወይም አሠቃዩ። ሙከራው በእንስሳቱ ላይ ባደረሰው ጭካኔ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሆድን መሙላትና ልብን መሙላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በካናዳ በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ደግሞ የዘርን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። ከአይጥ እናቶች መካከል ግልገሎቻቸውን አዘውትረው የሚልሱና የሚንከባከቡ አሉ፤ እምብዛም የማይልሱም አሉ። የእነዚህኛዎቹ ሴት ግልገሎች እንደ ተወለዱ ወደ ተንከባካቢ እናቶች ተዛውረው ሲያድጉ፣ እነርሱም በተራቸው ተንከባካቢ እናቶች ሆኑ። የወረሱት የወለደቻቸውን ሳይሆን ያሳደገቻቸውን ጠባይ ነበር። ሰው አይጥ አይደለም፤ «ዘሩ ነው» ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ግን ከዚህ ቆም ብሎ ማሰብን ይማራል።

በሰው ልጆች ላይ የታየው ማስረጃ ከሩማንያ የመጣ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 የቻውሼስኩ አገዛዝ ሲወድቅ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕፃናት በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ ተገኙ። ብዙዎቹ አልጋና ምግብ ነበራቸው፤ «የእኔ» የሚሉት ሰው ግን አልነበራቸውም። በኋላ በቡካሬስት ተመራማሪዎች 136 ሕፃናትን ወስደው ግማሾቹን በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰቦች አስገቡ፤ የቀሩትም የተለመደው አያያዝ ቀጠለላቸው። በቤተሰብ ውስጥ ያደጉት በአእምሮ ዕድገትና ከሰው ጋር በመተሳሰር ከሌሎቹ የተሻሉ ሆኑ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አሳዳጊ ያገኙት ይበልጥ ተጠቀሙ። አሳዳጊዎቹ ወላጆቻቸው አልነበሩም፤ የለወጣቸው ደም ሳይሆን በየቀኑ የማይለወጥ አንድ ፊት ማየታቸው ነው።

ከሐበሻ ምድር የተገኘች እናት

ምርምር ይህን ከመመዝገቡ ከብዙ ክፍለ ዘመናት በፊት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ለዚህ ምስክር ሆኗል። አባታቸው ዐብዱላህ ሳይወለዱ ሞቱ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና በመካና በመዲና መካከል በምትገኘው አብዋእ አረፉ። በዚያ በረሃ እናቱ የተቀበረችበትን ሕፃን እጁን ይዛ ወደ መካ የመለሰችው በረካ ወይም ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ነች፤ በትውልዷም ሐበሻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ወደ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ቤት፣ ስምንት ዓመት ሲሆናቸውም ወደ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ቤት ተዛወሩ። ቤቶቹ ተለዋወጡ፤ የኡሙ አይመን እንክብካቤ ግን አልተለየም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታቸው ቀጥሎ እናታቸው እርሷ መሆኗን ይናገሩ እንደነበር ተዘግቧል። ከእርሳቸው ኅልፈት በኋላም አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) እርሳቸው ይጠይቋት እንደነበረው ሊጠይቋት መሄዳቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተመዝግቧል። በመካከላቸው የሥጋ ዝምድና አልነበረም።

ስም ለወለደ፣ ፍቅር ላሳደገ

የዘይድ ኢብን ሓሪሣ (ረ.ዐ) ታሪክም ሌላውን ገጽታ ያሳየናል። ዘይድ በልጅነቱ ተማርኮ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ገባ። አባቱና አጎቱ ካለበት ደርሰው ሊቤዡት ሲመጡ ምርጫው ለእርሱ ተሰጠው። እርሱም ከአባቱ ይልቅ ካሳደጉት ጋር መቅረትን መረጠ። ሰዎችም የሙሐመድ ልጅ ዘይድ ይሉት ጀመር። ኋላ ግን በሱረቱል አሕዛብ (33፡4-5) ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ታዘዘ፤ ዘይድም የሓሪሣ ልጅ ተብሎ መጠራቱ ተመለሰለት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍቅር ግን አልቀነሰም፤ ልጁን ኡሳማንም እጅግ ይወዱት ነበር።

እነሆ፣ ሸሪዓችን የደምን ሐቅ ጠብቋል። የአባት ስም፣ የዘር ሐረግና ውርስ አይለወጡም። የልጁን የአባት ስም በማስቀየር የሚፈጸም ጉዲፈቻ ያልተፈቀደውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍቅርን ግን በደም አጥር ውስጥ አልዘጋውም። ስሙን ለወለደው ትቶ ፍቅሩን ለልጁ መስጠት እንደሚቻል በዘይድ አሳይቶናል።

ፍቅር ባይሰማንስ?

«ልቤ ካልወደደ ምን ላድርግ?» የሚል ይኖራል። ስለ ልቡ መድረቅ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤቱታ ያቀረበን ሰው፣ የየቲምን ራስ እንዲዳብስና ድኻን እንዲያበላ እንደመከሩት ኢማም አሕመድ ዘግበዋል። ልብህ እስኪለሰልስ ጠብቅ አላሉትም፤ እጅህን ዘርጋ አሉት እንጂ። ልብ በአላህ እጅ ነው፤ የእጃችን ሥራ ግን በእኛ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው ይቀድማል፤ ፍቅሩ ይከተላል።

ልጁም ወዲያው ባይወድ ልንገረም አይገባም። ከቤት ወደ ቤት የተንከራተተ ሕፃን መጣበቅን ይፈራል፤ የሚገፋውም ዳግመኛ መጣልን ስለሚሰጋ ሊሆን ይችላል። ይህ የዘር ክፋት ሳይሆን ያልሻረ ቁስል ነው፤ መድኃኒቱም ትዕግሥት ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቲሙን ለአንድ ዓመት ከአጎት፣ ለሌላው ዓመት ከአክስት እያደረግን አናዟዙረው። አንድ ቤትና አንድ ኃላፊ ሰው ይኑረው። ወንድማማቾችንም በተቻለ መጠን አንለያይ።

ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የቲሞች አባት ይሙትባቸው እንጂ እናት አላቸው። እናቲቱ ግን ችግር ሲጠናባት ሕፃኑን ጥላ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች ለመሄድ ትገደዳለች። በየወሩ የምንሰጠው ገንዘብ ይህችን እናት ከልጇ ጋር ካቆየ፣ ከዳቦ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ድጋፋችን አይቆራረጥ፤ ለሕፃናትም ይፍጠን።

ሦስተኛ፣ የልጁን አባት ስም በክብር እናንሳ፤ የሚታወስ መልካም ሥራውን እንንገረው። አሳዳጊን መውደድ አባትን መርሳት እንዳልሆነ ይወቅ።

አራተኛ፣ ሱረቱል ፈጅር (89፡17-18) የቲምን አለማክበርንና ድኻን ለማብላት አለመቀስቀስን ለየብቻ ጠቅሶ እንደሚወቅስ እናስተውል። የማብላት ግዴታ የማክበርን ግዴታ አያስቀርም። ስንጎበኘውም ደብተሩን እንይለት፤ ጨዋታውን እናዳምጠው፤ ራሱን እንዳብሰው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ያለ የቲም ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ማን ነው?
2. «ዘሩ ነው» ብለን የፈረድንበት ልጅ አለን? ምን አጥቶ እንደሆነ ጠይቀናልን?
3. በአካባቢያችን ልጇን ትታ ለመሰደድ የተቃረበች እናት አለች? ለመቆየት የሚያስፈልጋትስ ምን ያህል ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ልቦቻችንን ለየቲሞች ያለስልስልን፤ የየቲም ኃላፊ በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ተቀራርቦ እንደሚሆን በተነገረው የምሥራች ውስጥም ያካትተን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።